የጥርሰ መቀስ አፍ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «ጥርሰ መቀስ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክር በመቀስ ሲቆርጥ ያየው ሰው የለም። ክሩን በምራቁ አርጥቦ መርፌው ውስጥ ያስገባል፤ ስፌቱን ሲጨርስ በጥርሱ ቀጭ ያደርገዋል። የስፒሎቹ መቀመጫ ከንፈሮቹ መሀል ነው፤ ደንበኛ ሲያናግረውም በስፒሎቹ መሀል ይመልሳል።

ካንሰሩ የወጣው ምላሱ ሥር ነው። ሐኪሙ ሠላሳ አምስት ቀን ጨረር አዘዘለትና አንድም ቀን መስተጓጎል የለበትም አለው። «ካቋረጥን ዕጢው ፋታ ያገኛል» ሲል አስጠነቀቀው። መጀመሪያ ሁለት የተበላሹ መንጋጋ ጥርሶቹ ተነቀሉና ድዱ እስኪሽር ተጠበቀ። ከዚያ ነርሷ ሕጉን ነገረችው፦ ለስላሳ ብሩሽ፣ ቀኑን ሙሉ ጨውና ሶዳ በተበጠበጠበት ለብ ያለ ውሃ መጉመጥመጥ፣ ሲጋራ የለም፣ መጠጥ የለም፣ የሚያቃጥል ነገር የለም። «አፍዎ ቆስሎ ካመረቀዘ ሕክምናውን ልናቆም እንችላለን» አለችው። ከነገረችው ሁሉ ጆሮው ላይ የቀረችው ይህቺ ብቻ ናት።

ሚስቱ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። በየጠዋቱ መስኮቱ አጠገብ ታስቀምጠውና በስልኳ መብራት አፉን እንደ ደብተር ታያለች።

«አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላሉ። ምን ታየሽ?»

«ባዶ ነው» ትለዋለች።

ይስቁ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሳቁ ቀረ። ምራቁ ደረቀ፣ የሚበላው ሁሉ ካርቶን ካርቶን አለው። እሱም አብሮ ደረቀ። ልጁ ደውላ «እንዴት ነህ አባዬ?» ስትለው «ደህና ነኝ» ይላል፤ አልከፋውም፣ አልፈራም፣ ምንም አልሆነም። የታመመው ሌላ ሰው ነው ብትሉት ያምናችሁ ነበር።

ሕመሙ ሲበረታ ነርሷ ከምግብ በፊት የሚጉመጠመጠው የሚያደነዝዝ ፈሳሽ ሰጠችው። «ከዚህ በኋላ ይጠንቀቁ፤ ቢቆስሉም አይሰማዎትም» አለችው።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ጠዋት በፈሳሹ ተጉመጥምጦ ሾርባውን ጠጣና የጎረቤት ልጅ ለምርቃቷ ያዘዘችውን ነጭ ሸሚዝ አነሳ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና ስፒሎቹን ከንፈሩ መሀል ደረደራቸው። ኮሌታው ላይ ቀይ ነጥብ ሲያይ የክር ቀለም መሰለው። ከንፈሩን ሲነካው ጣቱ ደም ሆነ። ስፒሉ የጉንጩን ውስጥ ወግቶታል፤ እሱ ግን ምንም አልተሰማውም። መደንገጥ እንዳለበት ያውቃል፤ አልደነገጠም። ሸሚዙን አጠበና አሰጣው። ሆስፒታል ሲደርስ ነርሷ ስለ አፉ ጠየቀችው። «ደህና ነው» አላት።

በማግስቱ ሚስቱ መብራቱን ስታነሳ «ዛሬ ይቅርብኝ» አላት። በሦስተኛው ቀን እምቢ ሲል አገጩን እንደ ተማሪ ያዘችው። ጉንጩ አብጦ መሀሉ ነጭ ሆኗል።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ያቆሙብኛል።»

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» አለችና ጫማዋን አደረገች።

ሐኪሙ አይቶ መድኃኒት ጻፈለት። «በዕለቱ ቢነግሩን በቀላሉ ያልቅ ነበር» አለ። «የዛሬውን ይወስዳሉ። ነገ ከባሰ ግን አቆማለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ቦርሳዋን ልትዘጋ ሞከረች፤ ዚፑን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳተችው። እሱ ዘጋላት።

«ፈራሽ እንዴ?»

«አንተስ አትፈራም? ብቻዬን ልታስቀረኝ ነው» አለችው።

ተጠራ። አልጋው ላይ አጋደሙት፣ በጨረሩ ጊዜ ራሱ እንዳይነቃነቅ የሚይዘውን የፕላስቲክ ጭምብል ፊቱ ላይ አድርገው ግራና ቀኙን ቆለፉት፣ ከክፍሉ ወጥተው በሩን ዘጉት። የጨረሩ መሣሪያ መዞር ሲጀምር ፍርሃቱ መጣ፤ ሃያ ሦስት ቀን የት እንደከረመ አይታወቅም፣ አንድ ላይ መጣ። መሞት ፈራ። ሚስቱን ሊጠራ ፈለገ፤ ጭምብሉ አገጩን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል።