ጋሽ ይጣራና የሐኪም ደብዳቤዎች

በወንጀል ችሎቱ መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩትን ሰውዬ እናታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራቸው የለም። የቀረበላቸው ወረቀት ሁሉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይጣራ» ብለው ስለሚጽፉ «ጋሽ ይጣራ» ናቸው። ጥላቸውን አያምኑም። የእኔን የረዳታቸውን የሕመም ፈቃድ እንኳ መስኮቱ ላይ ለጥፈው ማኅተሙን መርምረዋል፤ አጠገባቸው ተቀምጬ እያስነጠስኩ!

አምና አዲስ መመሪያ መጣ። የአእምሮ ሕመም ያለበት ተከሳሽ የሐኪም ደብዳቤ ካቀረበ፣ ዳኛዋ ከፍርድ በፊት ወደ ሕክምና ይልኩታል። ለጋሽ ይጣራ አልተዋጠላቸውም።

«የሌባ መንገድ ተጠረገ በሉኛ! ነገ ኪስ አውላቂው ሁሉ ጨርቁን ጥሎ ይመጣል» አሉ።

እውነትም አንድ አስመሳይ ይዘዋል፤ ችሎት ላይ ሲጮኽ አርፍዶ፣ ደጅ ሲወጣ በስልክ እየሳቀ ያወራ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሐኪም ደብዳቤ ሁሉ መዝገቡ ውስጥ በመግባት ፈንታ «እስኪጣራ» እየተባለ እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እኔም እያየሁ ዝም አልኩ። አፍሬበታለሁ።

አንድ ማክሰኞ አንዲት ሴት የወንድሟን ደብዳቤ ይዛ መጣች። ወንድሟ ብረት በያጅ ነው፤ «በግድግዳው በኩል ትሰሙኛላችሁ» ብሎ የጎረቤቶቹን በር በመዶሻ ሰብሯል። ቀጠሮው ሐሙስ ነው።

«ጋሼ፣ በእናትዎ፣ ዳኛዋ ጋ ይድረስልኝ። ያለ መድኃኒት እስር ቤት ከገባ ያልቅልኛል።»

«አንቺ ምኑ ነሽ?»

«እህቱ ነኝ።»

«በምን አውቃለሁ?»

ደብዳቤው መሳቢያ ገባ። እሷም እንባዋን እየጠረገች ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ይጣራ በያጁን ሲያስመስል እጅ ከፍንጅ ሊይዙት ወደ እስረኞች ማቆያው ወረዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ሲያጓራ እናገኘዋለን ብለን ነበር። በያጁ ግን ፀጉሩን በጣቱ አበጥሮ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ቁጭ ብሏል።

«ታመሃል?» አሉት።

«እኔ? ደህና ነኝ! የታመመችው እህቴ ናት፤ ጎረቤቶቹ በእኔ ላይ አስነስተዋታል። ጥፋቴን አምኜ ልግባ። የእስር ቤት ግድግዳ ወፍራም ነው፤ አይሰሙኝም።»

የጋሽ ይጣራ ፊት ተለዋወጠ። በዚህ ሁሉ ዓመት «ደህና ነኝ» ብሎ የሚያስመስል አላጋጠማቸውም። እስረኛው ወደ ላይ ሲወሰድ እሳቸው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ መዝገብ ቤት ደረሱ፤ ደብዳቤውን መዘው ችሎት ሲገቡ በያጁ «አምናለሁ» እያለ ነበር።

«ክብርት ዳኛ፣ ይሄ ሰው ታሟል!»

እሳቸው ችሎት ላይ ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዳኛዋ ደብዳቤውን አነበቡ።

«ማክሰኞ የገባ ደብዳቤ እስካሁን የት ነበር?»

«እኔ መሳቢያ ውስጥ።»

«ሌላም አለ?»

የለም ቢሉ መሳቢያውን ማን ይከፍታል? እኔ በበኩሌ እንዲክዱ ፈልጌ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

«አሥራ አንድ» አሉ።

በያጁ ወደ ሕክምና እንዲወሰድ ታዘዘ። እህቱ አግዳሚው ላይ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። የቀሩትን ደብዳቤዎች ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዳኛዋ ከላይ ያለውን አነሱ፤ ስምንት ወር የሆነው፣ የአንዲት ልብስ አጣቢ ነው።

«ይህችስ ሴትዮ አሁን የት ናት?»

ጋሽ ይጣራ መዝገብ ማየት አላስፈለጋቸውም።

«እርስዎ ሦስት ዓመት ፈርደውባታል፣ ክብርት ዳኛ» አሉ።