አባታችንን በቴሌቪዥን የቀበረው ወንድሜ

ወንድሜ ዝነኛ የሆነው በተከታታይ ድራማ ላይ ዶክተር ሆኖ ነው። ከሰው ሚስት ጋር የሚማግጥ፣ መነጽሩን የሚያወልቅና መልሶ የሚያደርግ፣ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ምሳ የሚበላ ዶክተር። ቢቸና ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ እሁድ እሁድ እሱን ለማየት በሚመጣ ጎረቤት ይሞላ ነበር። እኔም አየዋለሁ። እህቱ ነኝ፣ ምን ላድርግ። ሌላው ሰው ትወና የሚለው ነገር ጠባዩ እንደሆነ ግን እኔ አውቃለሁ።

አባታችን የቅኔ መምህር ነበሩ። ደብረ ወርቅ ተምረው ቢቸና መጥተው ጉባኤ የዘረጉ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው። እናታችን በልጅነታችን ስላረፈች ሁለታችንን ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ደርግ ወድቆ አገሩ ገና ሳይረጋጋ ወንድሜን ከተማሪዎቻቸው ጋር አስቀምጠው ሊያስተምሩት ሞከሩ። እሱ ግን መቀኘቱን ትቶ ሌሎቹ የተቀኙትን ይሸመድድና በሚያምር ዜማ የራሱ አስመስሎ ያቀርበዋል። አባዬ ያውቁበት ነበር። «ድምፅህ ጥሩ ነው» ይሉታል፤ ከዚያ በላይ አይሉትም። እሱ ይህንን እንደ ምርቃት ይዞት ትምህርቱን እንደጨረሰ አዲስ አበባ ገባ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዶክተር ሆኖ ብቅ አለ። እኔ ያኔ ቢቸና አስተማሪ ነበርኩ፤ ትዳር ይዣለሁ፣ አባዬም ከእኔ ጋር ይኖራሉ። አንድ ጊዜ ሊጠይቀን መጥቶ ሳሎን ተቀምጦ ሳለ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን የራጅ ፊልማቸውን በነጠላቸው ሸፍነው መጡ። «ዶክተር፣ እስቲ እይልኝ» አሉት። ተዋናይ ነኝ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ተነሣ፣ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ዘረጋ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ጨው ይቀንሱ» አላቸው። ሴትዮዋ መርቀውት ወጡ። በማግስቱ እኔው ራሴ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው።

ይህ ቢበቃው መልካም ነበር። በአንድ የፋሲካ በዓል ግን ቴሌቪዥን ላይ ለቃለ መጠይቅ ቀረበ። ቤተሰቡ ሁሉ እኔ ቤት ተሰብስቦ ነበር፤ አባዬን ከፊት አስቀምጠናቸዋል። ጠያቂዋ ስለ ልጅነቱ ስትጠይቀው አንገቱን ደፋ።

«አባቴ የሞተው ገና ሕፃን እያለሁ ነው» አለ። «ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቁራሽ እየለመንኩ ነው ያደግኩት።»

ከዚያ አለቀሰ። እንባውን የጠረገውም እንደ ዶክተሩ ነው፤ መጀመሪያ መነጽሩን አውልቆ። እናታችን በእርግጥ ሞታ ነበር፤ የእሷ ሞት ግን አልበቃውም።

ባለቤቴ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ ሲል አባዬ በእጃቸው ከለከሉት።

«መቼ አረፍኩ አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሕፃን እያለ።»

«እንግዲያው ትምህርት ቤት ያስገባው ማን ነው?» አሉና ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ መለሱ።

በነጋታው ደወልኩለት። ማፈሩ ቀርቶ ያስተምረኝ ጀመር። «እታለም፣ አልገባሽም። አርቲስት ታሪክ ያስፈልገዋል።»

«አባት ያለው ሰው ታሪክ የለውም?»

«አለው። ግን ሰውን አይነካም።»

ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ዘፋኝ ሆነ። ስለ ጎጃም ገበሬ የሚያወራ ዘፈን አወጣና ክሊፑን ለመቅረጽ ሞጣ መጣ። በቃለ መጠይቁ የሞቱት አባታችን በዘፈኑ ገበሬ ሆነው ተነሡ። ወደ ሰባራ ድልድይ ወርዶ ዓባይን ከኋላው አድርጎ ሊዘፍን ነበር አሉ፤ ቁልቁለቱን ሲያይ ጉልበቴን ያመኛል ብሎ ከከተማው ዳር ያለች አንዲት ጅረት አጠገብ ቆመ። ከተወለደ ጀምሮ አንድ ቀን እርፍ ጨብጦ የማያውቅ ሰው አረንጓዴ ቁምጣ ታጥቆ ጅራፍ ያጮኻል።

ሞጣ መግባቱን ስንሰማ አባዬ «እንሂድ» አሉ። ያውም በመንገዱ አቧራ፣ በዚያ ዕድሜያቸው። በአውቶቡስ ሄድን። ሆቴሉ ግቢ ስንደርስ ከቀረጻ ሰዎቹና ከሞጣ ወጣቶች መሀል ተቀምጦ አገኘነው። አባዬን ሲያይ ፊቱ ገረጣ፤ ግን ተዋናይ ነውና ወዲያው ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ቀና አለና ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው» አለ። «እንደ አባት ናቸው።»

አፌን ልከፍት ስል አባዬ ክንዴን ያዙኝ።

«አዎ፣ አስተምሬዋለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «አልያዘለትም እንጂ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ወንድሜ ነበር።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ለምን እውነቱን እንዳልተናገሩ ጠየቅኳቸው። «አባቴ ነው ቢል ልጄ ነው እል ነበር» አሉ። «አይደለም ካለ በሰው ፊት ልለምነው?» ከዚያ በኋላ ስሙን አንሥተው አያውቁም። እሁድም ድራማው ሲጀምር መጽሐፋቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር።

ዘፈኑን አንድ ሰሞን ሰርግ ቤት ሰማነው፤ ከዚያ ጠፋ። በድራማውም ክፍሌ ይብዛልኝ እያለ ሲያስቸግር ደራሲዎቹ ዶክተሩን በመኪና ጭነው ከደጀን በታች ዓባይ በረሃ ገደል ሰደዱት። ያኔ ራጅ ያሳዩት አሮጊት ጎረቤታችን ሦስት ቀን ከል ለበሱለት።

አባዬ ያረፉት ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሜ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ካሜራ የያዘ ሰው አስከትሎ ለቀብር ደረሰ። ሰውየው ካሜራውን ወደ አስከሬኑ ሲያዞር ሄጄ በእጄ ሸፈንኩት።

«ለማስታወሻ ነው፣ እታለም» አለኝ ወንድሜ።

«አንተ ቀብረሃቸዋል» አልኩት። «ይኼኛው የእኛ ነው።»

ካሜራው ተመለሰ። ወንድሜ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች እግዜር ያጥናህ ካሉት በኋላ ለምን ከቴሌቪዥን እንደጠፋ ይጠይቁት ጀመር። ያን ጊዜ ፊቱ በራ፤ ስለሚጀምረው አዲስ ድራማ እስኪመሽ አወራቸው።

ያ ድራማ እስካሁን አልተጀመረም። አዲስ አበባ ሰርግ ላይ መድረክ ይመራል ይባላል። በበዓል ሲደውል አሁን ዳኛ ሆኜ ልተውን ነው ይለኛል። እኔም እግዜር ይርዳህ ብዬ ስልኩን ለባለቤቴ አቀብለዋለሁ፤ እሱ ድራማ ይወዳል።