«ሁለት ሴት አናስከትልም» አለን የካንትሪ ሬዲዮው

«ሶሪ፣ አሁን የሴት ዘፈን አጫውተናል፤ ሁለት ሴት አናስከትልም» አላት ልጄን የሬዲዮው ሰውዬ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ልጄ ሊድያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ካንትሪ በሚባለው የአሜሪካኖች ሙዚቃ አብዳለች። (አዎ፣ የሐበሻ ልጅ! እኔንም ገርሞኛል።)

አጠገባችን ካለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ስንመለስ የምትወዳትን ሴት ዘፋኝ ዘፈን እንዲያጫውቱላት ጣቢያው ጋ ኮል አደረገች። ስፒከር ላይ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ወንዶቹንስ ከጠዋት ጀምሮ እያስከተላችሁ አይደል እንዴ?» አልኩት በዚያች እንግሊዝኛዬ።

ሳቀብኝ። «አሠራራችን ነው ማዳም፤ አድማጭ ይሰለቸዋል» ብሎ ዘጋው።

እኔ አድማጭ አይደለሁም? ማን ጠየቀኝ?

የባሰ ያንገበገበኝ ግን የልጄ መልስ ነው። «ኢትስ ኦኬ ማሚ፣ ሁሌም እንደዚህ ናቸው» አለችኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ጊታር የምትማር፣ የራሷን ዘፈን የምትጽፍ ልጅ እኮ ናት! ገና ሳትጀምር ለምዳዋለች።

ሬዲዮውን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። «በይ አንቺ ዝፈኚልኝ» አልኳት። እያፈረች ጀመረች። ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ስንደርስ ግን ድምፅዋን ለቀቀችው፤ መስኮቱን ከፈትኩላት።

እናንተስ እህቶቼ? ሥራ ቦታ ይሁን ቸርች፣ «አንድ ሴት አለች፣ ትበቃለች» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ምን መለሳችሁ? ጻፉልኝ፤ ለሊድያ አነብላታለሁ።