የዳቦው ደብተር አራተኛ ዓምድ

የካርቱም ዳር ሰፈር ካላክላ ውስጥ በዚያ ሰሞን ሐበሻው ሁሉ የሚቀባበለው አንድ ወሬ ነበር። አያሌው ለሱዳኖች ቀበሌ እያቋቋመላቸው ነው ተባለ። ወሬው ጠዋት ከሚኒባሱ ፌርማታ ሲነሣ አያሌው የሰፈሩ ኮሚቴ ጸሐፊ ብቻ ነበር። ቀትር ላይ ሶባ ሲደርስ አማካሪ ሆነ። አመሻሹ ላይ ተመልሶ ካላክላ ሲገባ ደግሞ ዐማራት በሚባለው የሀብታም ሰፈር ቢሮ ተሰጥቶታል፣ ሹፌር ተመድቦለታል፣ ሹፌሩም የሁለት ልጆች አባት የሆነ የከሰላ ሰው ነው። የሹፌሩን ልጆች ማን እንደቆጠራቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እውነቱን ለመናገር አያሌው ቢሮ ይቅርና ወንበርም አልነበረውም። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ካርቱም ከገባ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ሃያ ሁለቱን ያሳለፈው ፉርን በሚሉት አንድ የካላክላ ዳቦ ቤት ውስጥ ምድጃ ፊት ቆሞ ዳቦ ሲያወጣ ነው። ቅንድቡን እሳቱ ስለጨረሰበት ሁልጊዜ የተገረመ ይመስላል። የሰፈሩን ሰው የሚያውቀው በስም ሳይሆን በዳቦ ነው፤ ይቺ የአሥራ ሁለት ቤት ናት፣ ያ የአራት ነው፣ እንግዳ ሲመጣበት ስድስት ይወስዳል።

የቀበሌው ወሬ ግን ጭራሽ ውሸት ነው ማለት አይቻልም። አያሌው ሳያስበው ጀምሮት ነበር። ከዚያ በኋላ የለፋው ለማፍረስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱዳንን ሠላሳ ዓመት የገዛው መንግሥት ከወደቀ ዓመት ሊሞላው ሲል ዱቄት ጠፋ። ያንን መንግሥት በሰልፍ የጣሉት የየሰፈሩ ወጣቶች አሁን ዳቦ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ዱቄቱ በጓሮ እንዳይወጣ ይጠብቁ ጀመር። የካላክላውን ኮሚቴ የምትመራው ከውሰር የምትባል የፋርማሲ ተማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ መነጽሯን በተናገረች ቁጥር ወደ ላይ የምትገፋ። እሷ ናት አንድ ቀን ወፍራም ደብተር ይዛ ምድጃው ድረስ የመጣችው።

"ዐም አያሌው፣ ከዚህ ሁሉ ሰው እጁ የማይንቀጠቀጥ አንተ ነህ። ሦስት ዓምድ አስምርልን። የአባወራው ስም፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ በቀን የሚደርሰው ዳቦ። ኸላስ፣ ሌላ የለም።"

አያሌው ሊጡ የሚደረደርበትን ጣውላ ጠርዝ እንደ ማስመሪያ ይዞ አርባ ገጽ አሰመረ። ጨርሶ ሲሰጣት ከውሰር መነጽሯን ገፋች።

"ይሄ አራተኛው ምንድነው?"

አያሌውም አየው። በየገጹ ዳር፣ ሁለት ጣት የሚሆን ባዶ ዓምድ ተሰምሯል። እጁ ሳይጠይቀው ነው ያሰመረው። አርባ ዓመት አልፎትም እጁ አልረሳም።

"ማስታወሻ..." አለ፤ አፉም እንደ እጁ አመለጠው።

"ወላሂ፣ ይሄ ነው የጎደለን!" አለ አጠገቧ የቆመው ኢክሪማ። ኢክሪማ በያጅ ነው፤ ወንድሙ ባለፈው ዓመት ከሰልፍ እንደወጣ አልተመለሰም። ደብተሩን ከእጇ ወሰደ። በሦስተኛው ቀን አሥራ አራት ስም አጠገብ፣ በዚያ ሁለት ጣት ቦታ ላይ፣ "ኬዛን" የሚል ቃል ተጽፎ ነበር። የወደቀውን መንግሥት ሰዎች ሕዝቡ የሚጠራቸው እንደዚያ ነው። ኬዛን የተባለ ቤት ዳቦ የለውም።

ከአሥራ አራቱ መጀመሪያ የተጻፈው ሙሄዲን ነው። ሙሄዲን በድሮው መንግሥት ጊዜ የሰፈሩ ሹም ነበር። ያለ እሱ ማኅተም የመኖሪያ ወረቀት አይገኝም። በከሻ ጊዜ፣ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ባዕድ በመኪና እየለቀመ በሚዞርበት ጊዜ፣ የአያሌውን በር በጣቱ ያሳየው እሱ ነው። አያሌው አራት ቀን ታስሯል። ስለዚህ ስሙን ዝርዝሩ ላይ ሲያይ አዘነ ማለት ወሬኛነት ይሆናል። ደስ ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ ዳቦውን እያፏጨ አወጣ።

በማግስቱ ግን ሙሄዲን አልመጣም። የመጣችው ምራቱ ኒዕማ ናት፤ ሦስት ልጆች ያሏት፣ በቀን አሥራ ሁለት ዳቦ የምትወስድ። ኢክሪማ በመስኮቱ በኩል ደብተሩን ገልጦ አየና፣ "የላችሁም" አላት። ኒዕማ አልተከራከረችም። የጨርቅ ከረጢቷን ሁለት ጊዜ አጥፋ፣ ብብቷ ሥር ከታ፣ ሰልፉን ሰንጥቃ ሄደች።

የከረጢቷ አስተጣጠፍ ነው አያሌውን የገደለው። አንዲት ሌላ ሴት ከረጢቷን እንዲሁ ስታጥፍ አይቶ ያውቃል።

እዚያው ዕለት የሰፈሩ ሐበሻ ወሬ ሁሉ መነሻም መድረሻም የሆነችው ማዘንጊያ መጣች። ከፉርኑ ማዶ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ቀበሌ እያቋቋምክላቸው ነው አሉ?"

"ማን አለ?"

"ያላለ ማን አለ! እኔማ፣ ተዉ፣ አያሌው ወታደር ነበር እንጂ የቀበሌ ሰው አልነበረም ብዬ ተሟገትኩልህ።"

አያሌው ፊቱን ወደ ምድጃው መለሰ። ደርግ ሲወድቅ መሣሪያውን ጥሎ በመተማ የተሻገረ ወታደር ነኝ እያለ ነው ሃያ ዘጠኝ ዓመት የኖረው። እንዲያ ብሎ የተሻገረ ብዙ ስለነበር የጠረጠረው የለም።

"ስማኝ፣" አለች ማዘንጊያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ለእኛ ዳቦ ካልከለከሉን ምን አገባን? በሰው አገር ነው ያለነው። ወረቀትህን ያዝ፣ አፍህን ዝጋ።"

ምክሩ ክፉ አልነበረም። አያሌውም ሃያ ዘጠኝ ዓመት የኖረበት ነው። ችግሩ ያቺን መስመር ያሰመረው እሱ መሆኑ ነው፤ ካልተናገረ አሥራ አራቱ ሃያ ይሆናሉ፣ ከተናገረ ደግሞ የት እንደተማራት መናገር አለበት።

ከሰዓት በኋላ፣ የዐሥር ሶላት እንዳለቀ፣ ኮሚቴው እንደ ልማዱ ከፉርኑ ግድግዳ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ሰባት ናቸው። አያሌው ሽርጡን ሳይፈታ መጥቶ ቆመ።

"ያቺን አራተኛ ዓምድ መልሱልኝ፣" አለ።

"ያ ሐበሺ፣ እሳትህ አይጠፋም?" አለ ኢክሪማ።

"እሳቱ ይቆያል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ዐረብኛዬ የፉርን ዐረብኛ ነው፣ ታገሡኝ።" ከዚያ ምድጃው ያለ ይመስል ግድግዳውን እያየ ተናገረ። "እኔ ወታደር አልነበርኩም። ደሴ የሚባል ከተማ፣ የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ንጉሡን ጥለናል፣ ደስታችን ልክ አልነበረውም፣ እንደ እናንተ። ስኳር ጠፋ። ለሰው እኩል ይድረሰው ብለን መዝገብ አወጣን። በቅን ልብ ነው፣ ወላሂ። ዳር ላይ ለማስታወሻ አንዲት ዓምድ አሰመርኩ። ወይዘሮ ብርሃን የምትባል ሴት ነበረች። ስብሰባ አትመጣም። እኔም፣ 'ስብሰባ አትመጣም' ብዬ ጻፍኩ። ውሸት የለበትም። ሁለት ሳምንት ስኳር ተከለከለች። ከረጢቷን አጥፋ ሄደች።"

ከውሰር መነጽሯን ለመግፋት ያነሣችው ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

"አንድ ቀን አንድ ሰው ከላይ መጣ። ስለ ስኳር አልጠየቀም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓምዶች በእጁ ሸፍኖ አራተኛዋን ብቻ ከላይ እስከ ታች አነበበ። በዚያ ሳምንት የወይዘሮ ብርሃንን ልጅ ወሰዱት፤ ሚኪያስን፣ የክፍል ጓደኛዬን። አልተመለሰም።"

ሰልፍ ላይ ተራዋን የምትጠብቅ፣ ሬሕማ የምትባል ዐማራት ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ፣ ቀስ እያለች ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ደሴ የሚለው ስም ነው የሳባት።

"ታዲያ እኛ ሰው እንወስዳለን?" ጮኸ ኢክሪማ። "ወይስ ወንድሜን የገደሉት ሰዎች ዳቦ ይብሉ ነው የምትለኝ?"

"ኒዕማ ናት ወንድምህን የገደለችው?"

"የአማቷ ሰዎች ናቸው!"

"አማቷን ፍርድ ቤት ውሰደው። አራት ቀን ያሳሰረኝ ሰው ነው፤ ቀድሜ የምመሰክረው እኔ ነኝ። የዳቦ መስኮት ግን ፍርድ ቤት አይደለም፣ ልጄ። እኔ አድርጌው ነበር።"

ከውሰር መነጽሯን ገፋችና፣ "ባለፈው ወር ዐማራት ለስልጠና ጠርተውን ነበር፣" አለች። "ከስድስት አገር ሰዎች መጥተው ከአምባገነን እጅ እንዴት እንደወጡ አጫወቱን። ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫ፣ ሻይና ብስኩትም ነበር። ስለ ማስመሪያ የነገረን ግን የለም።"

"የተጋበዙት ያሸነፉት ናቸዋ፣" አለ አያሌው። "መዝገብ የጻፈውን ማን ይጋብዛል?"

አንዱ ሳቀ። ኢክሪማ አልሳቀም። ከውሰር እጅ አስወጣች፤ ዓምዱ ይጥፋ ያሉ አራት፣ ይቆይ ያሉ ሦስት። አያሌው ሊጥ የሚተለምበትን ምላጭ አምጥቶ አርባውን ገጽ ከዳር በኩል፣ ሁለት ጣት ሁለት ጣት ቆረጠ፤ ቁራጩን ሰብስቦ ምድጃ ውስጥ ጨመረው።

"ስሞቹ እዚህ አሉ፣" አለው ኢክሪማ፣ ግንባሩን በጣቱ እየመታ።

"የእኔም ስሞች እዚያ ነበር የጀመሩት፣" አለ አያሌው።

በማግስቱ ጠዋት ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ሶባ ደርሶ ነበር። ሬሕማ የሰማችውን በትክክል ነው የተናገረችው፤ ከእሷ የተቀበሉት ግን አያሌውን የአንድ አውራጃ ገዥ፣ ሚኪያስንም መቶ ሰው አደረጉት። ማዘንጊያ ሱቋን ስትከፍት በማዶ አየችው፣ ሰላም ሳትለው በርበሬዋን ወደ መደርደር ዞረች። ይኼ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ቢሆንም የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰላምታ በአንድ ጠዋት ሲቀር ከምድጃው ይልቅ ያቃጥላል።

ኒዕማ መጣች። ኢክሪማ ከመስኮቱ ተነሥቶ ቦታውን ለከውሰር ለቀቀ፤ በእጁ አይሰጣትም፣ አይከለክላትምም። አሥራ ሁለት ዳቦ ተቆጠረላት። አማቷ ምስጋና አልላከም፤ የጠበቀም አልነበረም።

ሰልፉ ጋብ ሲል ከውሰር ከዳር የተቆረጠውን ጠባብ ደብተር ከፍ አድርጋ አየችው። "አሁን ንጹሕ ሆነ፣ አይደል?" አለች።

አያሌው እጁን በሽርጡ ጠረገ። ደሴን ጥሎ የጠፋበትን ቀን፣ ደርግን የጣሉት አዲሶቹ ሰዎች ያንኑ የቀበሌውን መዝገብ ከመሳቢያ አውጥተው፣ "ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?" ብለው ሰፈሩን ሲጠይቁ በወሬ የሰማበትን ቀን ነገራት። የሸሸው ከጥይት ሳይሆን ከገዛ ራሱ ጽሕፈት ነው። ስሞቹም፣ የቤቱ ሰው ብዛትም፣ ሁሉም እዚያው ነበር፤ አዲሶቹ አዲስ መዝገብ ማውጣት እንኳ አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ ደብተሩን ከእጇ ተቀበለ፣ የቀሩትን ሦስት ዓምዶች አየ፣ መልሶም ሰጣት። ኢክሪማ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

"እናንተ ስትሄዱ ይሄን ደብተር የሚረከበው ማነው?" አለ አያሌው።