የእማዋይሽ በርበሬና የእንግሊዝ እርቅ

እማዋይሽ እንግሊዝን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ዘንድሮ ግን እንደ እንግሊዝ የተቀየመችው የአጥር ጎረቤት እንኳ የላትም። የተጣላ ሰው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲተላለፍ ሰላምታ እንደሚነፋፈግ፣ እሷም ሬዲዮው «ለንደን» ባለ ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። እንዳለው የሚባለው ባሏ መጀመሪያ ይስቅባት ነበር። ነገሩ የምር መሆኑን ሲያይ የዜና ሰዓት ሲደርስ ሬዲዮውን ቀስ አድርጎ መዝጋት ጀመረ።

የቋሪት ልጅ ናት። ገበዝ ማርያም አጠገብ ተወልዳ፣ ስምንተኛ ክፍል እንደጨረሰች ነው ለቡሬ ገጠር የተዳረችው። የቋሪት ደጋ ገብስና ድንች እንጂ በርበሬ አያውቅም። ሙሽርነቷ ሳያልቅ የአማቷን በርበሬ ልትለቅም ወጥታ፣ በዚያው እጇ ዓይኗን አሽታ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ መዋሏን ሰዉ እስከ ዛሬ ያነሣባታል። «ያን ቀን አገርሽ ልትመለሺ ነው ብለን ነበር» ይሏታል። እሷ ግን አንዴ የያዘችውን የምትለቅ ሴት አይደለችም። ችግኝ ማፍላቱን፣ ማዛወሩን፣ የቀላውን ከመንጣቱ በፊት መልቀሙን ተማረች። በርበሬ ማድረቁን ከሁሉም በላይ ቻለችበት።

ቆይታ የሰፈሯን ሴቶች በማኅበር ሰበሰበች። መሬት ላይ ማስጣት ቀረ፤ ከእንጨትና ከወንፊት ሽቦ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ሠሩ። ጉቶውን እየቀነጠሱ፣ የነጣውን እየለዩ አንድ መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ። የከበዳቸው ውሃውን መተው ነበር። በአገሩ ልማድ የደረቀ ዛላ ጆንያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ውሃ ይርከፈከፍበታል። እንዲህ ካልሆነ ሲጫን ይሰባበራል፤ ሰባራውን ደግሞ ገበያ ላይ ዞሮ የሚያየው የለም። እናቶቻቸውም አያቶቻቸውም እንዲሁ ሲያደርጉ ነው የኖሩት። ያ ውሃ ጆንያው ውስጥ ሻጋታ እንደሚሆንና ሻጋታው መርዝ እንዳለው ሲነገራቸው ግማሾቹ አላመኑም። እማዋይሽ ዘዴ አመጣች። ጤዛው ሳይነሣ፣ ማለዳ፣ አየሩ ራሱ ዛላውን ሲያለዝበው እንሙላው አለች። ሞከሩት፤ አልተሰበረም። ከዚያ ወዲያ ውሃ የረጨች ከማኅበሩ ትውጣ ተባብለው ተማማሉ።

በርበሬውን የሚረከባቸው አለበል ነው። የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው፤ ቡሬ ካምፓስ ገበያ ጥናት ተምሮ አዲስ አበባ ላለ ላኪ ድርጅት ይሰበስባል። ላኪው ደግሞ ለንደን ላለ ነጋዴ ይልካል፤ ነጋዴው እዚያ ላሉ የሐበሻ ሱቆች ያከፋፍላል። ድሮ ጭነቱ ሆላንድ ወደብ ይወርድና አንዴ ተመርምሮ ለንደን ይገባ ነበር ይላል አለበል። እንግሊዝ ከአውሮፓ ስትወጣ አንዱ ምርመራ ሁለት ሆነ። አንድ ዓመት ጭነት ወደብ ላይ ቀረ፤ ሴቶቹም ገንዘባቸውን ሳያገኙ ከረሙ። የእንግሊዝን ሕግ ለብቻ፣ የአውሮፓን ለብቻ ተማሩ። ቻሉት።

ዘንድሮ ከገና በኋላ የቡሬ ነጋዴዎች በየደጁ እየመጡ በርበሬ ሲለምኑ፣ እማዋይሽ ሴቶቹን ከለከለቻቸው። «ጠብቁ፤ የለንደኑ ይሻላል። ከጥምቀት ማግስት መኪና ይመጣል ብሎኛል አለበል» አለች። ቃሏን አምነው ጠበቁ። አለበል «አፉን ስፉና አዘጋጁት» ባላቸው መሠረት ጆንያዎቹን ሰፍተው መጋዘኑ ውስጥ ደረደሯቸው።

የጥምቀት ማግስት አለበል በባጃጅ መጣ። ብቻውን።

«መኪናው የታለ?» አለችው እማዋይሽ።

«እታለም፣ እስቲ ቁጭ ብለን እንነጋገር።»

«ቆሜ ነው የምሰማህ።»

አለበል ሴቶቹን አየ። መጋዘኑ በር ላይ ተሰብስበዋል። «የለንደኑ ገዢ ትንሽ እንቆይ ብሏል። እንግሊዝ በምግብ ጉዳይ ከአውሮፓ ጋር ልትስማማ እየተነጋገረች ነው። ከተስማሙ ሕጋቸው ተመልሶ አንድ ይሆናል። እስኪለይለት አዲስ ጭነት አላስገባም ነው የሚለው።»

«ተፋትተው የለም እንዴ?» አለች ሸጋዬ። ሸጋዬ ከማኅበሩ ሴቶች ምላሷ የማይታሰርላት ናት።

«ተፋትተዋል።»

«ታዲያ ምን አገናኛቸው?»

«ፍቺው አልተስማማቸውማ። ኑሮው ተወደደ፣ ሠራተኛው ጠፋ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር በላይ በላዩ ቀያየሩ። አሁን ያለው መንግሥት መቅረብ ይፈልጋል፤ ተመለስኩ ማለት ግን አይችልም። እንውጣ ብሎ ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ይቆጣዋል። ተቃዋሚዎቹም ከዳችሁ እያሉ ያነሣሡበታል። ስለዚህ ዛሬ ለምግቡ፣ ነገ ለመብራቱ እያለ በጓሮ በኩል ነው የሚገባ።»

«በላ እንደ ያረጋል ናቸዋ» አለች ሸጋዬ፤ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ያረጋል የዚያው ቀበሌ ሰው ነው። ሚስቱን በሽማግሌ ፊት ፈትቶ፣ ከብቱን ተካፍሎ፣ ወር ሳይሞላው ሰው አየኝ አላየኝ እያለ በቅንጭብ አጥሩ ሾልኮ እቤቷ መግባት የጀመረ።

እማዋይሽ አልሳቀችም። «ያረጋል በጓሮ ሲገባ የሰው በርበሬ አልረገጠም» አለች። «ሲፋቱ፣ ጭነታችሁ ወደብ ላይ ቀረ አልከን። ቻልን። ሕጉ ሁለት ሆነ አልከን። ተማርን። አሁን ደግሞ ሊታረቁ ነውና ቁሙ ትለናለህ። ሲጣሉም እኛ፣ ሲታረቁም እኛ። ለመሆኑ ለእርቅ ሲቀመጡ፣ በርበሬዋን ሰፍታ የምትጠብቅ ሴት ቡሬ አለች ብሎ ያነሣ አለ?»

«የለም።»

«የለም በላ። ጆንያውን ከፍተን እናናፍሰው?»

«ኧረ እንዳትነኩት። አንዴ ተሰፍቷል፤ እንዳለ ይቆይ።»

እንዳለ ቆየ። የሚያናድደው፣ ያ ሰሞን መንገዱ ክፍት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን መንገድ ተዘጋ ተብሎ ይታለፋል፤ ምክንያቱ ቅርብ ነው፣ ሰውም ያውቀዋል። አሁን ግን መኪናው ሁሉ በአስፋልቱ ሽው እያለ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያልፍ እያየች፣ ስማቸውን እንኳ ለማታውቃቸው ሰዎች ንግግር ስትል በርበሬ ታቅፋ ተቀመጠች። የቡሬ ነጋዴዎች የሚፈልጉትን ገዝተው ጨርሰው ሄዱ። ውሃ መቅጃው ላይ ሴቶቹ ሰላምታውን ትተው «እማዋይሽ፣ እንግሊዝ ምን አለችሽ ዛሬ?» ይሏት ጀመር። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ሲቆይ ቀልዱ ተሟጦ ጥያቄው ብቻ ቀረ። አንድ ቀን እቤቷ ገብታ እንስራዋን አስቀመጠችና፣ «ይሄ በርበሬ የተረገመ ነው፤ እጣው ታስሯል» ብላ ጮኸች። ከምድጃው አጠገብ አማቷ እማሆይ አስካለ ማርያም መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የመነኮሱ፣ ለክፉም ለደጉም ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። ቀና ብለው አዩዋትና ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አለበል ደወለ። ገዢው ሐሳቡን ለውጧል፤ ስምምነቱ ቢዘገይም ከሁለቱ በጥብቁ ሕግ ተመርምሮ ካለፈ ይቀበላል። አንድ መርማሪ ይዞ መጥቶ ከየጆንያው ጥቂት ጥቂት ናሙና ወሰዱ። ሴቶቹ ደስ ብሏቸው ሸኟቸው። እማዋይሽም ያን ቀን ሬዲዮውን አላዘጋችም።

ውጤቱን ይዞ ሲመጣ አለበል ከባጃጁ ለመውረድ ሲዘገይ አየችው፤ ያኔውኑ ገባት።

«ሻጋታ አለው» አላት። «የሁሉም። ላይ ላዩን ነው፤ ግን የሁሉም።»

«አይሆንም። እኛ ውሃ አንረጭም።»

«ውሃ ነክቶታል፣ እታለም። ይሄ የአየር እርጥበት አይደለም።»

እማዋይሽ ሴቶቹን እቤቷ ጠራች። ያን ያህል ጊዜ በእንግሊዝ ላይ ያጠራቀመችውን ቁጣ በአንድ አፍታ እነሱ ላይ አፈሰሰችው። ተማምለን አልነበር አለች። የትኛችሁ ናችሁ አለች። ዓይኗ ሸጋዬ ላይ ሲያርፍ ሸጋዬ ተነሣች።

«እኔን ነው የምታይኝ? ሽጡ ሲሉን አትሽጡ ያልሽው አንቺ። ቁልፉን የያዝሽው አንቺ። ደግሞ ሌባ አድርገሽ ታዪኛለሽ?»

«ታዲያ ዝናብ በዝግ ቤት ዘነበበት?»

«እኔ ምን አውቄ። እንግሊዝን ጠይቂያታ።»

ያኔ እማሆይ ከጥግ ተናገሩ። «ልጆቼ፣ አትካሰሱ። ውሃ የረጨ ሰው የለም። እኔ ቁልፉን ከምሰሶው አንሥቼ ገብቼ ጠበል ብቻ ነው የረጨሁበት።»

ሸጋዬ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ምን አሉ፣ እማሆይ?» አለች እማዋይሽ።

«የተረገመ ነው ስትዪ ሰማሁሽ። እኔም አንጀቴ አልቻለም። ከጥምቀተ ባሕሩ ያመጣሁት ነበረኝ፤ እንዲቃናላችሁ ብዬ ሁሉንም ጆንያ አዳረስኩ። የአንዷንም ለይቼ አልተውኩም።» ይህን የጨመሩት አድልተዋል እንዳይባሉ ነው።

«እማሆይ፣ ጠበል ውሃ አይደለም እንዴ?»

«ጠበልማ ጠበል ነው» አሉ አሮጊቷ፣ ግራ ተጋብተው።

እማዋይሽ አፏ ውስጥ የነበረውን ዋጠችው። ለመነኩሲት፣ ያውም ለባል እናት፣ ያን የመሰለ ቃል አይነገርም። ወጥታ ቆጡ አጠገብ ቆመች። አሮጊቷ የረጩት እፍኝ ውሃ ነው። መኪናው በተባለበት ቀን መጥቶ ቢሆን ኖሮ እማሆይ ጠበል ባላሰኛቸው ነበር። ጆንያው ተከፍቶ ቢናፈስ ኖሮ እፍኟ በግማሽ ቀን ትደርቅ ነበር። ያበሰበሰው ጠበሉ ብቻ አይደለም፤ አፉ ተሰፍቶ መቀመጡ ነው። ይህን ግን ለማን ትናገረዋለች? ለንደን ያለው ሰው የሚያውቀው በርበሬያቸው ሻገተ የሚለውን ብቻ ነው።

አለበል ተከትሏት ወጣ፤ ሊያጽናናት አስቦ የማይሆን ነገር ተናገረ። «ግድ የለም፣ እታለም። ከሚጠፋ እናስፈጨውና ለአገር ውስጥ ይሄዳል። ከተፈጨ ማን ያውቀዋል።»

ዞራ አየችው። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ የሚያውቋት ሰዎች ከጩኸቷ ይልቅ ይህን ነው የሚፈሩ።

«የለንደን ሰው እንዳይታመም ብዬ የሁለት መንግሥት ሕግ ተማርኩ። የእኛ የዳሞት ሰው ሆድ ከምን የተሠራ ነው? እዚህ ልጆች አሉኝ፤ ያንን በርበሬ ወጥ ውስጥ ጨምሬ ላበላቸው ነው? ሕጋቸው ስለከበደኝ የምቆጣ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ሕጉ ደግ ነው። ለልጆቼም ይኸው ሕግ ቢኖርላቸው እወድ ነበር። የምቆጣው እነሱ ቤታቸውን ሲያፈርሱና ሲሠሩ አቧራው እዚህ ስለሚያርፍ ነው። አንተም ቁሙ ሲሉህ ቁሙ፣ ስፉ ሲሉህ ስፉ እያልክ የነሱን ቃል ትሸከማለህ እንጂ የእኛን ወስደህ አታውቅም።»

«እሺ፣ ምን ልበላቸው?» አለ አለበል።

«መጀመሪያ እጅጌህን ሰብስብና ጆንያ አውርድ።»

ከራሷ ጆንያ ጀመረች። ስፌቱን በቢላ ተረተረችውና ከላይ ያለውን ሻጋታ የነካውንም ያልነካውንም እስከ ግማሽ ድረስ ዝቃ አወጣችው። የሸጋዬ ጆንያ ላይ ስትደርስ ሸጋዬ እጇን ያዘቻት። «ይሄ ንጹሕ ነው። ተይ።»

«ለዓይን ነው ንጹሕ የመሰለሽ።»

«እና የእኔ ግማሽ ይጥፋ? ጠብቂ ስላልሽኝ?»

«ጠብቁ ያልኩት እኔ ነኝ። የጎደለባችሁን ከእኔ ንጹሕ እሞላለሁ፤ እስከበቃ ድረስ።» ባሏ እንዳለው የተበላሸው የሚቀበርበትን ጉድጓድ ሲቆፍር ይህን ሰማ፤ ቀና ብሎ አያትና ቁፋሮውን ቀጠለ። ሸጋዬ የእማዋይሽን እጅ ለቀቀች። ቀጥላም እንዳለውን «ለምን ትቆፍራለህ፣ እሳት አይለቀቅበትም?» አለችው።

«በርበሬ አንድደሽ መንደሩን ሁሉ ልታጥኚው ነው?» አላት። ከጥምቀት ማግስት ወዲህ ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እማዋይሽ እንኳ ከንፈሯን ነከሰች።

የተበላሸው ተቀበረ። የተረፈው ቆጥ ላይ ወጥቶ እንደገና ደረቀ፤ እንደገናም ናሙና ተወሰደ። የእማዋይሽ ድርሻ ሴቶቹን ስትሞላ ስትሞላ አልቆ ከጆንያው ቂጥ ትንሽ ቀረ። በዚህ ጊዜ ምርመራውን አለፈ። አለበል ያን ሊነግር ሲደውል፣ «አፉ ተሰፍቶ ይጠብቅ ብለዋል» ብሎ ጨመረ።

«መኪናው ደጄ ላይ ሳይቆም መርፌ አላስነካም በላቸው። የእኔ ሕግ ይኸ ነው። እነሱ ሁለት ሕግ ሲያወጡ ማንም አልከለከላቸውም።»

«እነግራቸዋለሁ» አለ አለበል፤ ነገራቸውም።

መኪናው አንድ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይነሣ፣ አለበልን ይዞ መጋዘኑ ደጃፍ ቆመ። ሴቶቹ እየሞሉ እየሰፉ ሲያቀብሉ፣ እማሆይ አስካለ ማርያም በእጃቸው ትንሽ ጀሪካን ይዘው ከቤት ወጡ። ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ሸጋዬ በጆንያዎቹ ፊት እጇን ዘርግታ ቆመች። አሮጊቷ አለፏት። ዞረው የመኪናውን ጎማዎች አንድ በአንድ ረጩ፤ በመጨረሻ ሾፌሩን ራሱን ዝቅ አስደርገው አረሰረሱት።

«እሱ አይሻግትም» አሉ።

ሾፌሩ ፊቱን እየጠረገ ሬዲዮውን ከፈተ። ዜና ነበር። እንግሊዝና አውሮፓ ሌላ ስብሰባ እንደሚቀራቸው ይናገራል። እማዋይሽ የመጨረሻውን ጆንያ አፍ አጥብቃ ሰፋች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ያን ነገር ዝጋው» አለችው፤ ጆንያውንም ከአለበል ጋር አንሥታ መኪናው ላይ ሰቀለችው።