የጋሽ ጆሮ ማኅተም

ስም አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ነበረው። ግን ከባለቤቱና ከግብር ቢሮ በቀር የሚጠራበት አልነበረም። ለሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያገለገለ ቴሌቪዥን፣ ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና ስፒከር እየገዛ፣ እየፈታ፣ እያደሰ ሸጧል። ሱቁ አንድ በር፣ አንድ መስኮትና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነው። ካቻቢቴዎቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድረዋል፤ ብሎኖቹ በየጣሳቸው ናቸው፤ መበየጃው ከሽቦ በተሠራ ማስቀመጫው ላይ እንደ ጨዋ ልጅ ጥጉን ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ ጠረጴዛ ብሎን ጠፋ ሲባል የሰማ የለም።

ስሙን ያወጣለት ማኅተሙ ነው። ዕቃ አድሶ ሲጨርስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከፍቶት ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። አያወራም፣ ስልክ አያነሳም። በዝቅታ ያዳምጠዋል፣ ከፍ አድርጎ ያዳምጠዋል፣ በመጨረሻም ድምፁን ጨርሶ አጥፍቶ ያዳምጠዋል። «የዕቃ ገመናው የሚወጣው ዝም ሲል ነው» ባይ ነው። ከዚያ ከጀርባው ነጭ ወረቀት ይለጥፍበታል፦ ምን ተበላሽቶ እንደነበር፣ ምን እንደቀየረ፣ መቼ። ከግርጌው በሰማያዊ ቀለም አንዲት ቃል ይመታል፦ «ሰምቼዋለሁ»። ያቺ ቃል ካለች ገዢ አይከራከርም፤ ተሸክሞ ይሄዳል።

ከመንገዱ ማዶ አዲስ ዕቃ የሚሸጠው ጎረቤቱ ቅጽል ስሙ «ካርቶን» ነው፤ ካርቶኑ ሳይከፈት ነው የሚሸጠው። ሁለቱ ጠዋት ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ ሳይነካከሱ ውለው አያውቁም።

«ጋሽ ጆሮ፣ ዛሬስ ስንት ሬሳ አስነሳህ?»

«አንተስ ስንቱን ፊቷን ሳያያት ዳርከው?»

ክፋት ግን አልነበረባቸውም። ጋሽ ጆሮ ራሱ ደንበኛ ወደ ማዶ ይልካል። «እየነደደ ወይም እየተሻሸ የሚያልቀውን፣ ባትሪውን፣ የፕሮጀክተር አምፖሉን፣ የጆሮ ማዳመጫ ስፖንጁን፣ ከካርቶን በአዲስ ግዙ። ቆሞ የሚሠራውን ከእኔ ውሰዱ። ማርጀት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይፈተሽ መሸጥ ነው» ይላቸዋል። ይቺን አባባል ሰፈሩ በቃሉ ያውቃታል።

በግራ እጁ አንዲት ጥቁር የቁጥር ሰዓት ያስራል። ድሮ በየሰዓቱ «ጢጥ» ትል ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ዝም ብላለች። «ድምፅ ማውጫዋ ሞቷል፤ አንድ ቀን እከፍታታለሁ» እያለ ሳይከፍታት ቀረ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው፣ የሰው ዕቃ መቼ ፋታ ሰጠውና!

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ገባች። ጠና ያለች ሴት ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ለክፍሏ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ወስዳለች። የወላጆች ኮሚቴው አዲስ ይገዛ ብሎ ነበር፤ እሷ ግን «የጋሽ ጆሮ ማኅተም ካለበት በእኔ ይሁንባችሁ» ብላ ያገለገለውን አስገዛች፤ በተረፈው ገንዘብ ለልጆቹ ምንጣፍና የሥዕል መጻሕፍት ተገዛላቸው።

«ጋሽዬ፣ ጉድ ፈላብኝ።»

«ምነው? ምስሉ ጠፋ?»

«ምስሉማ መስተዋት ነው! ልጆቹ ናቸው። ገና ስከፍተው ሃያ ሁለቱም ጆሯቸውን ጥርቅም። ‹ይጮሃል› ይላሉ። እኔ አልሰማ፣ ርዕሰ መምህሩ አይሰማ። ‹አንዷ የጀመረችውን ሌሎቹ እየተከተሉ ነው፤ ቀልድ ነው› ይላል። ቀልድ ካልሆነ ደግሞ ‹አሮጌ ያስገዛሽን አንቺ ነሽ› ሊለኝ ነው። ዓርብ ኮሚቴው ይሰበሰባል።»

«አልሽ እንዴ! ሁለት ሰዓት ሙሉ አዳምጬዋለሁ እኮ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ማኅተሙን አይቼ አይደል የወሰድኩት?»

በማግስቱ ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ። ክፍሉ ጠመኔና ሳሙና ይሸታል። ትንንሾቹ ወንበሮች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል፤ ልጆቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንግዳውን ያዩታል። ርዕሰ መምህሩ፣ ጎልማሳ ቢጤ፣ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ጋሽ ጆሮ ቴሌቪዥኑን አበራና ድምፁን ዜሮ አደረገው። ሃያ ሁለት ልጅ፣ አርባ አራት መዳፍ፣ ጆሮ ላይ ድፍን!

ጋሽ ጆሮ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበርክኮ ጆሮውን ቀዳዳዎቹ ላይ ለጠፈ። ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን። ትንፋሹን ዋጠ። ምንም የለም። የሌሊት ሜዳ እንኳ እንደዚያ ጸጥ አይልም።

«ምንም የለም» አለ እየተነሳ።

«ይኸው!» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ጋሽ ጆሮ ያልሰሙትን ማን ሊሰማው ነው? እኔ ብዬ ነበር። ያቺ የፊት ጥርሷ የወለቀችው ናት ጀማሪዋ። ከዛሬ ጀምሮ ሌሎቹ ሲያዩ እሷ ውጭ ትቀመጣለች።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። እጇን ከጆሮዋ ሳታነሳ ጋሽ ጆሮን ብቻ ትክ ብላ አየችው፤ ጥፋቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ያልገባው ሰው እንደሚያይ። እሱም ዓይኑን ሰብሮ ቴሌቪዥኑን አጠፋና ካቻቢቴውን ወደ ቦርሳው መለሰ። ያኔ ሃያ ሁለቱም ልጆች ባንዴ ወደ ግራ እጁ ዞሩ። አንዳንዶቹ ሳቁ።

«አባባ፣ ሰዓትህ ጠራች» አለችው ጥርሰ ወላቃዋ።

«ይቺማ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«አሁን ጮኸች!» አሉ በአንድ አፍ።

ሰዓቷን አያት። አራት ሰዓት፣ ዜሮ ዜሮ። ቀና ብሎ መምህርቷን ተመለከተ። «ጮኻለች እንዴ?»

«አዎ ጋሽዬ። ጢጥ አለች እኮ» አለች ግራ እየገባት። ርዕሰ መምህሩም ራሱን ነቀነቀ፤ እሱም ሰምቷል።

ጋሽ ጆሮ ከትንንሾቹ ወንበሮች አንዱን ስቦ ተቀመጠ። ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። የሰዓቷን ጢጥታ ትልልቆቹም ሰምተዋታል፤ እሱ ግን እሷንም አጥቷታል። እንግዲህ ከሷ በላይ የቀጠነ ድምፅ ቢኖርማ፣ ልጅ ብቻ የሚሰማው፣ ለሱ የት ሊደርስ!

«ታዲያ ምን ተባለ?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

መልሱ ሞልቶ ነበር። «ልጆች ናቸው፤ ይለምዱታል» ቢል ያበቃል፤ ልጅቷ ውጭ ትቀመጣለች። «ያገለገለ ዕቃ መቼ ያለ ሰበብ ይሆናል» ቢልም ያበቃል፤ ሰው ሁሉ ያምነዋል፤ ግን ሠላሳ ዓመት ያወራውን ወሬ በገዛ አፉ ማፍረሱ ነው። ሦስተኛው፣ «ጆሮዬ ነው የከዳኝ» የሚለው፣ ከአፉ አልወጣ አለ። ጆሮው እንጀራው ነው፣ ስሙም ነው።

«እስከ ሐሙስ ጊዜ ስጡኝ» አለ። «ልጅቷን ግን አደራ፣ እንዳትነኩብኝ።»

ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ ድንች እየላጠች ነበር። ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ እጁን ዘረጋላት።

«ይቺ ሰዓት ትጮሃለች?»

«የቷ? ይቺ? በየሰዓቱ ነዋ! ጠዋት በማን የምነቃ ይመስልሃል?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ ሰውዬ? ሰዓትህ ሰዓት ናት ብዬ?»

ሊስቅ ሞከረና ተወው። የሆነውን ሁሉ ነገራት። እሷም ቢላዋውን አስቀመጠች። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለች ቀስ ብላ። እንዲያው ለማለት ያህል አልነበረም፤ አዝናለት ነው።

«አሁን ምን ብዬ ነው ፊታቸው የምቆመው? ጆሮ የሌለው ጋሽ ጆሮ ልባል ነው?»

«ሌላው ዕቃ ሲበላሽ ምን ታደርጋለህ?»

«እጠግነዋለሁ።»

«መጠገን የማይቻለው ነገር ሲኖርበትስ?»

«ወረቀቱ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ገዢው አውቆ ይውሰድ።»

«እንግዲያው» አለችና ድንቿን አነሳች።

ያን ከሰዓት በኋላ የሽያጭ ደብተሩን አወጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ማኅተሙን የመታባቸው ዕቃዎች ሁለት ገጽ ተኩል ሞሉ። ጣቱን በስም ዝርዝሩ ላይ እያወረደ ቆየ። ማኅተሙን ሲመታ አልዋሸም፤ የሰማውን ነው ያለው። ግን ገዢው የወሰደው የሱን ሐቀኝነት አልነበረም፤ ጆሮውን ነው። ጆሮው ደግሞ ራሱ ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ማንም ያልፈተሸው።

ሐሙስ ሄደ። ልጆቹ ፊት፣ መምህርቷና ርዕሰ መምህሩ ባሉበት ተናገረ፤ ሥራ እንዳለበት ሰው በአጭሩ።

«ልጆቹ እውነታቸውን ነው፤ ዕቃው ይጮሃል። ቀጭኑን ድምፅ የእኔ ጆሮ ጥሎታል፤ ከጣለውም ቆይቷል። ስህተቱ የመምህርቷም፣ የልጅቷም አይደለም፤ የእኔ ነው። አሁን ጩኸቱን ለማግኘት ጆሮ ያለው ሰው ያስፈልገኛል።»

ጋሽ ጆሮ ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ። «ከዚህች መስመር ያለፈ ልጅ፣ እሱን አያርገኝ» አለ። ልጆቹ ከመስመሩ ወዲያ ተኮለኮሉ፤ ጥርሰ ወላቃዋ ከፊት። የጀርባውን ክዳን ፈታ፣ የጎማ ጓንቱን አጠለቀ፣ ቴሌቪዥኑን አበራና በደረቀ የእንጨት ዘንግ ጫፍ ከውስጥ ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ በቀስታ ይጫን ጀመር።

«አሁንስ?»

«አለ!»

«አሁን?»

«አለ! አለ!»

ከአውራ ጣት የማትበልጥ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ላይ ደረሰ። ዘንጉን አሳረፈባት።

«ጠፋ!» አሉ በአንድ ድምፅ፤ እጆች ከጆሮ ወረዱ።

ዘንጉን አነሳ። «መጣ!» ጫነ። «ጠፋ!» አሥር ጊዜ ያህል ደጋገመው። አንዴ ሊያታልላቸው ሌላ ቦታ ቢጫን ልጅቷ ወገቧን ይዛ «አባባ፣ አታጭበርብር!» አለችው። መምህርቷ ሳቋን መያዝ አቃታት።

የጥቅሏ ሙጫ በዕድሜ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ሽቦዋ ኤሌክትሪክ ባለፈባት ቁጥር ትንቀጠቀጣለች። መሰኪያውን ነቀለ፣ የታመቀው ኃይል እስኪፈስ ጠበቀ፣ ጥቅሏን ጠርጎ ሙቀት የሚችል ሙጫ አለበሳት። ልጆቹ ተጫውተው እስኪመለሱ ደረቀላት። ክዳኑን መለሰ፤ ልጆቹን ጀርባቸውን አዞራቸው። «የጮኸበት እጁን ያንሳ» አለና አበራው። አንድ እጅ አልተነሳም። አጠፋ፣ አበራ፤ አሁንም የለም። አላመናቸውም፤ መሰኪያውን ነቅሎ «አሁንስ?» አለ። የለም። መልሶ ሰካው። የለም። ልጅቷ ዞር አለችና፣ «ዝም ብሏል አልንህ እኮ!» አለችው ሰልችቷት።

ርዕሰ መምህሩ እስከ በሩ ሸኘው። «ይሁንና ጋሼ፣ ለወደፊቱ አዲስ ብንገዛ አይሻልም?»

«ግዙ፤ ምን ችግር አለው። ብቻ አዲሱንም ስትገዙ ያቺን ልጅ ይዛችኋት ሂዱ። የእኔን ዕቃ ግማሽ ጆሮም ቢሆን ሰምቶታል፤ ካርቶን ውስጥ ያለውን ግን ማን ሰማው?»

ዓርብ ዕለት ኮሚቴው ሻይ ጠጥቶ ተበተነ፤ የቴሌቪዥኑን ነገር ያነሳ አልነበረም። ወሬው ግን ከኮሚቴው ቀድሞ መንገዱን ተሻግሮ ነበር።

«ጋሽ ጆሮ ደነቆረ አሉ!» አለ ካርቶን በማግስቱ ጠዋት፣ መዝጊያውን ወደ ላይ እየገፋ።

«ግማሹን ነው። የቀረው ግማሽ አንተን ለመስማት ይበቃል።»

ሳቁ። ይሁን እንጂ በዚያ ወር አንዳንድ ደንበኛ በሩ ድረስ መጥቶ ወደ ማዶ አለፈ፤ ጋሽ ጆሮም አይቶ እንዳላየ ሆነ። እሱ ሌላ ሥራ ነበረው። ደብተሩን ይዞ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ በየቤቱ ዞረ። «ከቤቱ ትንሹ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ትንሹ ይመጣል፤ ዕቃው ፊት ይቆማል። ከሁለት ገጽ ተኩሉ ሦስት ዕቃ ሲጮህ ተገኘ። አንደኛው ቤት ያለች ታዳጊ «ይሄ ነገር ሁልጊዜ ራሴን ያመኛል ስላቸው ጥናት ጠልተሽ ነው ይሉኛል» አለችው። ያን ዕለት ሲመለስ እራት አልበላም።

ወረቀቱንም ቀየረው። «ሰምቼዋለሁ» እንዳለች ናት፤ ከሥሯ ግን ሁለተኛ መስመር ጨመረ፦ «ቀጭን ድምፅ ጆሮዬ አይደርስበትም፤ ለዚያ የሰማው፦» ከዚያ ባዶ ቦታ።

አንድ ቀን አንድ አናጢ ለቤቱ አምፕሊፋየር ሊገዛ መጣ። ወረቀቱን አንብቦ ጨረሰና ባዶዋ ቦታ ላይ ቆመ። «ይቺ ምንድን ናት?»

«እሷን እኔ አልሞላትም። ትንሽ ልጅ አለህ?»

አናጢው ማዶ ያሉትን ካርቶኖች አየ፤ መልሶ ወረቀቱን አየ። «ከዚህ በፊት ዕቃ ገዝቼ አውቃለሁ» አለ፤ «ይሄን አልሰማም ያለኝ ሻጭ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።» ወጣና ከመንገድ ዳር ስትጠብቀው የነበረችውን ትንሽ ልጁን እጇን ይዞ ገባ።

ጋሽ ጆሮ አምፕሊፋየሩን አበራ፣ ድምፁን አጠፋ፣ ወንበር ሰጣት። ልጅቷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ሱቁ ጸጥ አለ። ድንገት ጭንቅላቷን ቀና አደረገች፤ አባትየው ፊቱ ጠቆረ። እሷ ግን ያየችው አምፕሊፋየሩን አልነበረም። የጋሽ ጆሮን ግራ እጅ ነበር።

ጋሽ ጆሮ ዞር ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

«እሷ የእኔ ናት» አላት እየሳቀ። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም» አለች ልጅቷ። ጋሽ ጆሮ እስክሪብቶውን አቀበላትና ባዶዋን ቦታ በጣቱ አሳያት።