ለማንጠግቦሽ ልጅ ያልተቀመጠው ሸንጎ

ማንጠግቦሽ ዳባት ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት በፅዳት ሥራ ሃያ ዓመት ያገለገለች፣ ሰፈሩ የሚያከብራት ሴት ናት። ያጠፉ ወጣቶች ፍርድ ቤት ከመድረሳቸው በፊት የሰፈሩ ሰው ሰምቷቸው ጉዳዩን በካሳና በእርቅ የሚጨርስበት ሸንጎ ሲቋቋም፣ ከአምስቱ አባላት አንዷ አድርገው መረጧት። ደስ ብሏት ነበር።

ደስታዋ የቆየው የጎረቤቷ የአምሳል ልጅ ሲሲ እስክትቀርብ ድረስ ነው። ሲሲ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከልብስ ሰፊ ቤት ስልክ ሰርቃ ደባርቅ ልትሸጥ ስትል ተያዘች።

የማንጠግቦሽ ልጅ የሺዋስም በዚሁ ዕድሜ ስልክ ነበር የሰረቀው። ያን ጊዜ ሸንጎ አልነበረም። ዓመት ከመንፈቅ ታስሮ ሲፈታ ሰው ፊት መቆም አቅቶት ወደ መተማ ወረደ። ይኸው ሰባት ዓመቱ።

ሲሲ ጥፋቷን አመነች። ልብስ ሰፊውም ይቅር አላት፤ ለታመሙት እናቱ ሁለት ወር ውሃ እንድትቀዳ ተባለ። አምሳል የልጇን ትከሻ አቅፋ ተቀምጣለች። ማንጠግቦሽ ያንን እጅ ትክ ብላ አየች።

«ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉ ሰብሳቢው መምህር ገሠሠ።

«ወደ ፖሊስ ትመለስ።»

«ምነው? ምን ጎደለ?»

«ምንም አልጎደለም። ለእኔ ልጅ ማን ተቀመጠለት? ስንቅ ይዤ እስር ቤት ስመላለስ ማን አይዞሽ አለኝ? አምሳል እንኳ ስታየኝ መንገድ ትቀይር ነበር።»

አምሳል አቀረቀረች። «እውነቷን ነው» አለች።

ማንጠግቦሽ ክርክር ነበር የጠበቀችው። ወደ ሰብሳቢው ዞራ፣ «እኔ ካልተስማማሁ አትለቀቅም?» ብላ ጠየቀች።

«ደንቡ እንደዚያ ነው።»

«እንግዲያስ ተስማምቻለሁ። ደስ ብሎኝ ግን አይደለም። ይኸም ይጻፍልኝ።»

መምህሩ ጻፉ። አምሳል ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ ብትል፣ ማንጠግቦሽ ሸሸት ብላ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ሲሲ ጀሪካን ይዛ በደጇ ባለፈች ቁጥር ማንጠግቦሽ ፊቷን ታዞራለች። እናትና ልጅን ገበያ አንድ ጥላ ተጋርተው ካየች፣ የመጣችበትን ሳትሸምት ትመለሳለች።

እሑድ አመሻሹ ላይ የሺዋስ ሲደውል ነገሩን ሁሉ አጫወተችው።

«ደግ አድርገሻል እማዬ» አላት።

«አንተን አያስቀናህም?»

«እሷ ብትታሰር እኔ ምን አገኛለሁ?»

እሱ የተወውን እሷ መተው አቃታት።

«ለመስቀል ና» አለችው።

«እናያለን» አለ፣ እንደየዓመቱ።

ከግድግዳው ወዲያ አምሳል ሲሲን ለእራት ስትጠራ ይሰማ ነበር።